የልጄ አንገት በሳሙና አልጠራም

ልጄ ሂክማ ስለ እሷ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። "ስሜን ጻፊው፤ ኪሎዬን ግን እንዳትጽፊ" አለችኝ። ተስማማሁ። ስለዚህ አንባቢ ከዚህ በታች ኪሎ አያገኝም። ሐኪሟም በኋላ እንደነገረችን ዋናው ጉዳይ ሚዛኑ ላይ አልነበረም።

የጀመረው ከአንገቷ ነው። ሂክማ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል በአንገቷ ዙሪያ፣ ይበልጥ ከኋላ በኩል፣ ጠቆር ያለ ነገር ታየ። ሲነኩት ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ጨርቅ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ያስተዋሉት አማቴ ናቸው። የሚኖሩት የቡ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ከጅማ ብዙም በማይርቀው የቡና አገር። ሂክማ "አኮ" ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም እንደ ልጄ አኮ እላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ሂክማን አጠገባቸው አስቀምጠው ሻሿን ገለጥ አደረጉና አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አንገቷን አሸት አሸት አደረጉት። ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነው። ደግመው አሹት።

"ሰሚራ፣ ይቺ ልጅ አትታጠብም እንዴ?"

"ትታጠባለች አኮ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? አንቺ በሬዲዮ የአገሩን ቆሻሻ ስትናገሪ ትውያለሽ፣ የልጅሽ አንገት እዚህ ተቀምጧል!"

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሂክማ አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ገብታ መቆየት ጀመረች። በሳሙና፣ በሎሚ፣ መጨረሻም ተረከዝ በሚፈተግበት ድንጋይ ፈተገችው። ቆዳው ተልጦ ቀላ፤ ሲድን ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ጠቆረ። ትምህርት ቤት ከኋላዋ የምትቀመጥ ልጅ "ውሃ ጠፍቶባችሁ ነው?" ብላ እንደጠየቀቻት የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በወቅቱ ያየሁት ሻሿን ቤት ውስጥም ሳይቀር አገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ መያዟን ብቻ ነበር። እያደገች ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሌላም ስም ነበራት። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። ሂክማ ስትገባ ግን አጠገቧ የሚቀመጡት ልጆች "እሷ ከገባች ኮንትራት ነው!" ይላሉ፤ ባጃጁን ብቻዋን ሞልታዋለች ለማለት። ስሟ በዚያው ኮንትራት ሆኖ ቀረ።

እኔ ሃያ ዓመት ያህል በጅማና በዙሪያዋ ዜና ሠርቻለሁ። ስለ ልጆች አመጋገብ ያዘጋጀሁት ዘገባ ሁሉ ስለ ከሱ ልጆች ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ባለቀለሙን መለኪያ በሕፃን ክንድ ላይ ስታዞር ስንቴ እንዳየሁ አላውቅም። በልጅ ወገብ ላይ ሜትር ሲዞር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በእኛ አገር ወፍራም ልጅ "ማሻ አላህ" ተብሎ የሚታለፍ ነው። ቤቱ እንደሞላ፣ እናቱ እንዳልሰነፈች ምስክር ነው። ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል?

እኛ የወሰድናት ስለ አንገቷ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት "ፈንገስ ነው" ብሎ ቅባት ሰጠን። ቅባቱ አለቀ፤ ጥቁረቱ አለ። ቀጥሎ የሄድንበት ክሊኒክ "የአንገት ሐብሉ ቆዳዋን አስቆጥቶት ይሆናል" አለን። ሐብሉን አወለቅን። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ራስ ምታት ጨመረባት። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። "ታይፎይድ ነው።" ጅማ ውስጥ ራሱን የታመመ ሰው አንድ ጊዜ ታይፎይድ ሳይባል አይቀርም። መድኃኒቱን ዋጠች፤ አልተሻላትም። ተመልሰን ስንሄድ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተባልን። ከዚያ ደግሞ ጨጓራ ሆነ። በእያንዳንዱ በር ካርድ አወጣን፣ ከፈልን፣ ተሰለፍን። ከመረመሯት ሁሉ የደም ግፊቷን የለካ አንድም አልነበረም። ልጅ ናታ! የደም ግፊት የአዛውንት ነገር አይደል?

ነገሩ የተገለበጠው በረመዳን ነው።

እኔ ለሥራ ደዶ ሄጄ ነበር። ሂክማ ከአባቷ ጋር የቡ አኮ ዘንድ ሰነበተች። ባለቤቴ ነጂብ የቡና ነጋዴ ነው፤ ከገበሬው ቡና የሚረከብበት ቦታ እዚያው የቡ ነው። አንድ ማታ ካፈጠሩ በኋላ ሂክማ ራሷን ክፉኛ አመማት፤ ውሃም አልበቃት አለ። ነጂብ ክሊኒክ ሲወስዳት "ስኳሯ መታየት አለበት፤ ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ አምጣት" አሉት። በማግስቱ ክሊኒኩ እንደተከፈተ ከበሩ ላይ ነበሩ።

"ቁርስ በልታለች?" አለ ደም የሚወስደው ልጅ።

"በረመዳን ምን ቁርስ አለ!" አለ ነጂብ።

ደሟ ተወሰደ። ውጤቱን ይዘው ቁጭ አደረጉትና ልጅህ የስኳር በሽተኛ ናት አሉት። ኪኒን ጻፉላት፤ ወደፊትም መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል አሉ።

ስልክ ሲደውልልኝ ደዶ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር።

"ሰሚራ፣ ተቀምጠሻል?"

"ቆሜያለሁ። ንገረኝ።"

"ሂክማን... ስኳር ነው አሉ።"

ነጂብ በቡና ዋጋ ክርክር ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው። ያን ቀን ድምፁ ተሰበረ።

ጅማ ቤታችን ስደርስ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ለቅሶ ቤት ይመስላል። አኮ ከየቡ አብረው መጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የመስቢሐቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። "ያ ረቢ፣ እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተዋት" ይላሉ። ሂክማ ክፍሏ ውስጥ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ስፈራ የማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እጠይቃለሁ።

"መጨረሻ ምግብ የቀመስሽው መቼ ነው?"

"ሱሁር ላይ ነዋ፣ ሌሊት።"

"ምን በላሽ?"

"አኮ ማርቃ ሠሩልኝ፣ ገንፎው በቅቤ ነበር። ማርም ነበረው። ከዚያ ሻይ።"

"ስንት ብርጭቆ?"

"ኧረ እማ! ቀኑን ሙሉ ትጾማለች እያሉ ይቀዱልኛል። አዛን ሲል ራሱ ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር።"

"ደምሽ የተወሰደውስ?"

"ክሊኒኩ ሲከፈት።"

ከንጋቱ የሱብሒ አዛን እስከ ክሊኒኩ መከፈት ያለውን ሰዓት አሰብኩት። ቅቤውም ማሩም ሻዩም ገና ደሟ ውስጥ እየዞረ ነበር። ማንም አልዋሸም። ልጁ ስለ ቁርስ ጠየቀ፤ ነጂብ ስለ ቁርስ እውነቱን መለሰ። በረመዳን የእኛ ቤት ሰው ሌሊት እንደሚበላ ልጁ አላሰበውም፤ ነጂብም መናገር ያለበት ነገር አልመሰለውም።

ወጥቼ ለነጂብ ነገርኩት። ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ታዲያ የለባትም ማለት ነው?"

"አላልኩም። ገና አልታወቀም ነው ያልኩት።"

"አልታወቀም" የሚለው ቃል እንዲህ የሚያሳርፍ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ ትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ክትትል ክፍል ወሰድኳት። መጠበቂያው ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገባችን ከሰቃ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ የታቀፉት ሕፃን ዓይኑ ብቻ የቀረ ነው። ሂክማን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ማሻ አላህ! ይቺስ ማንን ልታሳክም ነው የመጣችው?"

"እሷ ራሷ ናት ታማሚዋ" አልኩ።

"እሷ? በጥጋብ?"

አግዳሚው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ "ለእኔም እንደሷ ያለ በሽታ በሰጠኝ!" አሉ። ሂክማ አንገቷን ቀበረች፤ እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ ሲል ሴትየዋ አዩ። ሳቃቸው ጠፋ። ሕፃናቸውን ወደ አንድ ክንዳቸው አዛውረው በሌላው እጃቸው ጀርባዋን ደባበሱ። "ሂን ሶዳቲን፣ ኢንታላ ኮ" አሏት። አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። "የኔ ከስቶ፣ አንቺ ወፍረሽ፣ ሁለታችሁም እዚሁ በር ላይ ናችሁ። አላህ ሁለታችሁንም ይያችሁ።" ተራችን እስኪደርስ እጃቸውን ከጀርባዋ አላነሱም።

የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ማርታ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች። የሆነውን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ስለ ሱሁሩ ስደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይህን ማን ጠየቀ?"

"እኔ።"

"ዛሬስ ሱሁር በልታለች?"

"በልታለች።"

"እንግዲያው አሁን ደም አልወስድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሱ። ለዚህ ምርመራ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ያኔ ከዚያም ያልፋል። ረመዳን ምርመራውን አይከለክለንም፤ ሰዓቱን ነው የሚያዛውርብን። ከዒድ በኋላ ደግሞ በጠዋት እንደግመዋለን።"

እስከዚያ ሌላውን ሠራች። ሜትር አውጥታ ወገቧን ለካች። የደም ግፊት ለመለካት የክንድ መጠቅለያውን ስታጠልቅ አልደርስ አለ፤ አውልቃው ወጣችና ከሌላ ክፍል ሰፊ ይዛ መጣች። "ጠባቡ ግፊቱን ያለ ልኩ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ በእሱ ለክቼ ላስፈራችሁ አልፈልግም" አለች። በሰፊውም ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ደግማ ለካችው። ያው ነው።

ከዚያ ወደ ሂክማ ጠጋ አለች። "አንገትሽን ታሳዪኛለሽ?"

ሂክማ የሻሿን ቁልፍ ያዘች እንጂ አልፈታችም። "እታጠባለሁ እኮ" አለች። "በየቀኑ እታጠባለሁ። አይለቅም።"

"አውቃለሁ። ቆሻሻ አይደለም።"

"አይደለም?"

"አይደለም። በሳሙና የሚሄድ ነገር አይደለም። ከውስጥ የመጣ መልእክት ነው።"

ሂክማ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ያን ሁሉ ወር በድንጋይ የፈተገችው ስንፍና አልነበረም፤ ነውርም አልነበረም። ዶክተር ማርታ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና አስረዳችን። ኢንሱሊን ከምግብ የሚገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ነገር ነው። የሂክማ ሰውነት ጥሪውን መስማት አዝግሟል፤ ስለዚህ ቆሽቷ አብዝቶ ያመርታል። ደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን የአንገትንና የብብትን ቆዳ አወፍሮ ያጠቁራል። ይህ ከዓመት በላይ ለሁላችንም ሲታይ ነበር፤ እኛ ሳሙና ስናቀርብለት።

የዘጠኝ ሰዓቱ ደምና ከዒድ በኋላ በጠዋት የተወሰደው አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራም ከእነሱ ጋር ተስማማ። ሂክማ የስኳር በሽተኛ አይደለችም። ግን ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ዶክተር ማርታ የሚታዩት ነገሮች አምስት ናቸው አለችን፦ በዕድሜዋ ካሉ ሴት ልጆች ጋር ሲነጻጸር የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ ያለ ስኳር፣ ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ስብ፣ ከዚያም ደም ሥርን ያጸዳል የሚባለው ጥሩው ስብ። ወገቡ ሰፍቶ ከሌሎቹ ሁለቱ ከተበላሹ ጥቅሉ "ሜታቦሊክ ሲንድረም" ይባላል። ሂክማ አምስቱም ነበሩባት።

"ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው" አለች። "አሁን ከሠራችበት ትመለሳለች። ካልተመለሰች ያ ክሊኒክ በስህተት የነገራችሁ ነገር በጥቂት ዓመት ውስጥ እውነት ይሆናል። ልብና ጉበትም አለ። ለአሁኑ ኪኒን አልሰጣትም። በየሦስት ወሩ እናያታለን፤ ዓመት ሲሞላ አምስቱንም እንደገና።"

ቀጠሯችን ይህ ነበር፤ አንድ ዓመት፣ አምስት ነገር።

የታዘዘው ሲናገሩት ቀላል ነው። ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ይቁም። ማርቃው ይቀነስ፣ ጎመኑና ባቄላው ይብዛ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ላብ ይውጣት። ስልኩ ከክፍሏ ወጥቶ በጊዜ ትተኛ። ደግሞ እሷ ብቻ ሳትሆን ቤቱ ሁሉ እንዲህ ይሁን። ማስራብ ግን ክልክል ነው፤ ሂክማ በሁለተኛው ሳምንት ምሳዋን ለጓደኛዋ እየሰጠች እንደምትውል ሲታወቅ ዶክተር ማርታ የተቆጣችው ያኔ ብቻ ነው።

አኮ ግን ተቀየሙ።

"የኔ ማርቃ ልጅ ገድሎ ያውቃል? ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ!"

"አኮ፣ እርስዎ ያሳደጓቸው ልጆች ቡና ተሸክመው ዳገት ይወጡ ነበር" አልኳቸው። "ሂክማ ባጃጅ ላይ ነው የምትወጣው።"

ለሳምንት ያህል አላነጋገሩኝም።

ከአኮ የባሰው የነጂብ የቡና መረከቢያ ነበር። የቡ ላይ ቡና ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የነጂብን ልጅ ካየ ለስላሳ ያዝላታል። ክብር ነው። እምቢ ማለት ሰውየውን መናቅ ነው። ሂክማ የመጀመሪያ ቀን "አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም" ስትል አንድ ደንበኛው ፊታቸው ተለወጠ። "ነጂብ፣ ቡናዬን ነው የጠላችሁት ወይስ እኔን?" አሉ። ነጂብ አፈረ። ጠርሙሱን ራሱ ከፍቶ ሰጣት፤ ጠጣች። ሂክማ ማታ ስትነግረኝ ከነጂብ ጋር ተጣላን።

"አንድ ጠርሙስ ነው!"

"በቀን ስንት ሰው ነው ቡና የሚያመጣልህ?"

"ታዲያ ምን ልበላቸው? ልጄ ታማለች ብዬ ገበያ ላይ ላውራ? ነገ ማን ያገባታል?"

ይህ ንግግር የተካሄደው የቡ፣ አኮ ቤት ነው። አኮ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። መስቢሐቸውን አስቀመጡና ሂክማን ጠሯት። ሻሿን ራሳቸው ፈቱ፤ አንገቷን በደንብ አዩት። በዚህ ጊዜ ጣታቸውን አላረሱም።

"ሐኪሟ ይጠፋል ብላለች?"

"ቀስ ብሎ፣ ከሠራንበት" አልኩ።

"እንግዲያው ስሙ። ይቺ ልጅ አንገቷ እስኪጠራ ድረስ እኔም እሷም ስኳር አንቀምስም። ማርም፣ ለስላሳም። ወሬጋ ነው። ሲጠራ በግ አርጄ ለሚስኪን አበላለሁ።"

ወሬጋ ስለት ማለት ነው። ነጂብ ሳቀ። "እናቴ፣ እርስዎ ያለ ስኳር? የእርስዎ ሻይ እኮ ማንኪያ ያቆማል!"

"ሳቅ አንተ" አሉት። "ጠዋት ገበያ ወጥተህ ለሰው ሁሉ ንገር።"

እኔ በሃያ ዓመት የሬዲዮ ሥራ ያን ያህል ፈጥኖ የተሰማ ዜና አላሰራጨሁም። በእኛ አካባቢ ስለት ላይ ያለን ሰው ማንም አያስገድድም፤ ማስገደድ በራስ ላይ ጣጣ መጥራት ነው። ለምንስ ተሳላችሁ ብሎ የሚመረምርም የለም። በሽታ ሳይወራ፣ ማንም ሳይናቅ፣ ጠርሙሱ ከሂክማ ፊት ጠፋ። ያ የተቀየሙት ደንበኛ ራሳቸው አዲስ የመጣ ሰው ለስላሳ ሲያዝላት "ተው! ከአኮዋ ጋር ወሬጋ ላይ ናት። ለልጅቷ ውሃ ስጧት" ብለው ሲቆጡ ነጂብ ሰምቷል።

አኮ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ሰውን ሁሉ እየተቆጡ አሳለፉ። "ይሄ ሻይ አይደለም፣ የታጠበ ቅጠል ነው" ይሉ ነበር። ሂክማ ግን የእሳቸውን ብርጭቆ እያየች የራሷን ትጠጣለች። ልጅን ብቻዋን ማዕቀብ ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ አያቷ አብረው ሲገቡ ሌላ ነው።

ባጃጁንም ተወችው። መጀመሪያ እኔ አብሬያት እሄድ ነበር፤ መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመን እናርፋለን። ተራ የሚጠብቁት ባጃጅ ነጂዎች ያውቋታል።

"ኮንትራት! ዛሬም በእግር? ልታከስሪኝ ነው?" ይላታል አንዱ።

መጀመሪያ መሬት መሬቱን እያየች ታልፈው ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ዞር ብላ "ቤንዚንህን ቆጥብ ብዬ ነው!" አለችው። ጓደኞቹ ሳቁበት። ከዚያ በኋላ እንድሸኛት አልፈለገችም።

ሁሉም እንዲህ ደስ አይልም ነበር። ክረምቱ ከበደ፤ ጭቃና ዝናብ ሲሆን በረንዳ ላይ ገመድ ትዘላለች፣ ከዚያ ሰልችቷት ለሳምንት ትተወዋለች። የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ የበላችውን ሁለታችንም አንቆጥርም። በሦስት ወሩ ክትትል ሚዛን ላይ ወጥታ ምንም ያህል ለውጥ ስታጣ ከሚዛኑ ወርዳ "በቃ፣ አልችልም" አለች። ዶክተር ማርታ ሜትሩን አወጣች።

"ወደዚህ ነይ። ቁመትሽ ጨምሯል። ወገብሽ ቀንሷል። ግፊትሽም ወርዷል። ሚዛን ይህን ሁሉ አይናገርም። እኔ ያልኩሽ መክሳት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ነበር?"

"አምስቱ።"

"አምስቱ!" አለች ዶክተር ማርታ፣ እንደ አስተማሪ።

ጥቅምት ሲመጣ ቡናው ቀላ። ሂክማ ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ የቡ ሄዳ የአኮን ቡና ለቀመች። ከዚያ በፊት በለቀማ ወቅት የምትሠራው ነገር ከአባቷ ሚዛን ጎን መቀመጥ ነበር። ዳገቱን ቅርጫት ይዞ መውጣትና ሙሉውን ይዞ መውረድ ከገመዱ ዝላይ የባሰ ነው። ለቃሚዎቹ ሴቶች እየቀለዱባትም እያስተማሯትም ዋሉ፤ "ቅርንጫፉን አትስበሪው፣ አባትሽ ከደመወዝሽ ይቆርጣል!" ይሏታል። በወቅቱ ማብቂያ ከእነሱ እኩል ባትለቅምም ከእነሱ እኩል ትወጣ ነበር። ማንኮራፋቷ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም፤ አንድ ቀን ቤቱ ጸጥ ብሎ አገኘሁት።

ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ረመዳን ገባ። ዶክተር ማርታ ሳታስታውሰን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድን። ዘንድሮ አባቷም መጣ። ደም የምትወስደው ነርስ ገና አፏን ሳትከፍት ነጂብ "መጨረሻ የበላችው በሱሁር ነው፣ ከሱብሒ አዛን በፊት፤ ከዚያ ወዲህ ውሃም የለም" አላት። ነርሷ "እንደ እርስዎ ያለ አባት አምጡልኝ" አለች። ነጂብ ደረቱን ነፋ።

በማግስቱ ዶክተር ማርታ መጀመሪያ የሂክማን አንገት አየች፤ ጠርቷል። ከዚያ ውጤቱን ይዛ አንድ በአንድ ነገረችን። የደም ግፊት፦ ልክ ነው። በባዶ ሆድ ያለው ስኳር፦ ልክ ነው። የሚንሳፈፈው ስብ፦ ልክ ነው። ጥሩው ስብ፦ ጨምሯል፣ መስመሩን አልፏል። ወገቧ ብቻ ከዕድሜ እኩዮቿ ገና ትንሽ ይሰፋል።

"አምስት የነበረው አንድ ሆኗል" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚለው ስም የአንቺ አይደለም።"

ነጂብ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ የልጄን እጅ ያዝኩ። ሂክማ ግን ጥያቄ ነበራት፤ በዚህ በእኔ ወጥታለች።

"አንዱስ?"

"አንዱን አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ለአንባቢ የምለው አጭር ነው። የወፈረ ልጅ አንገቱ ወይም ብብቱ ከጠቆረ አትፈትጉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ግፊቱ ለክንዱ በሚስማማ መጠቅለያ፣ ወገቡም በሜትር እንዲለካ ጠይቁ። ደም ሲሰጥ መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ በተለይ በረመዳን። ልጁንም ብቻውን አታስጀምሩት።

በዒድ ቀን የቡ ሄድን። አኮ በጉን አሳርደው ለሚስኪኖች አብልተው ጨርሰው ነበር፤ ስኳር ግን ገና አልቀመሱም። አንገቷ መጥራቱንና ውጤቱን በስልክ ስንነግራቸው "ሐኪሟ አየች፣ እኔ ግን ገና አላየሁም" ብለው ነበርና ሂክማን ከበሩ ብርሃን ላይ አስቀመጧት። ሂክማ ቁልፉን ራሷ ፈታች። አኮ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አንገቷን አሸት አሸት አደረጉ። ጣታቸውን አዩት።

"ዱቄት ቀብታችኋት እንዳይሆን ብዬ ነው" አሉ። ከዚያ የጣታቸውን ቦታ ሳሙት።

"ስኳር አምጡልኝ!"

ሻይ ቀረበላቸው። ዓመት ሙሉ የናፈቁትን አራት ማንኪያ እየቆጠሩ ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ቢስሚላህ ብለው ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ። ብርጭቆውን ራቅ አድርገው እንደ እንግዳ ነገር አዩት።

"ያ ረቢ! እኔ ይሄን ነበር የምጠጣው?"

ብርጭቆውን ወደ ነጂብ ገፉት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ ጮክ ብላ የሳቀችው ሂክማ ናት።